አከራዬን ከሰስኳቸው

ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ስመጣ መጀመሪያ የተከራየሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት ቤዝመንት ነበረች። አከራዬ ሀበሻ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። የመጀመሪያው ሳምንት አልጋ ስላልነበረኝ ፍራሽ አውርደው ሰጥተውኛል። እሑድ ቡና ሲፈላ «ና ውጣ፣ ብቻህን ምን ታደርጋለህ» ይሉኝ ነበር። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ብጀምር ይህ ጽሑፍ በጣም ይቀልልኝ ነበር። ግን አይደሉም። ክፉ ባይሆኑም 1,200 ዶላር ዲፖዚቴን አልመለሱልኝም።

ቤቱን የለቀቅሁት በነሐሴ ነው። ጠርጌ፣ ወልውዬ፣ ፎቶ አንስቼ ቁልፉን አስረከብኩ። «ገንዘብህ በሳምንቱ ይደርስሃል» አሉኝ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ስደውል «ግድግዳውን አበላሽተህብኛል፣ ቀለም ላስቀባ ነው»፤ ደግሜ ስደውል «ቆይ ልጄ፣ አሁን እጄ ላይ የለም»፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳትም ቀረ። ሁለታችንንም የሚያውቁ አንድ ጋሼ እንዲያናግሩልኝ ለመንኳቸው። «ከመስቀል በኋላ» አሉኝ። መስቀል አለፈ። ሲመልሱልኝ፣ «እሷም ልጆች አሏት፣ አንተ ወጣት ነህ፣ ሠርተህ ታመጣዋለህ» አሉኝ።

ሠርቼ ያመጣሁት እኮ ነው! የኢኮኖሚክስ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ነው። አዲሱ ቤትም ዲፖዚት ስለጠየቀኝ ከሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ነበር የከፈልኩት። «ስሞል ክሌምስ ለምን አትሄድም?» ያለኝም እሱ ነው። ብድሩን ቶሎ እንድመልስለት ፈልጎ ይሆናል።

ስሞል ክሌምስ የሚባለው አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚታይበት አሠራር ነው። በሜሪላንድ ጣሪያው 5,000 ዶላር ነው። ጠበቃ ማቆም አይጠበቅባችሁም። የክሱ ቅጽ አጭር ነው፦ ማን፣ የት፣ ስንት፣ ለምን። የማስረጃ ሥርዓቱም ላላ ያለ ስለሆነ ዳኛው የስልክ መልእክታችሁንና ፎቶዎቻችሁን ያያል። እኔ ሳስገባ የመዝገብ መክፈቻው 34 ዶላር ነበር። 34 አውጥቶ 1,200 መጠየቅ፤ ይህን ለማስላት ዲግሪ አያስፈልግም።

ሕጉን ሳነብ ደግሞ ነገሩ ከገመትኩት በላይ ግልጽ ሆነ። በሜሪላንድ አከራይ ዲፖዚቱን በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የሚቀንሰው ነገር ካለ በዚያው ጊዜ ውስጥ ዝርዝሩን ከነዋጋው በጽሑፍ መላክ ይኖርበታል። ያለ በቂ ምክንያት ከያዘ ተከራዩ እስከ ሦስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ለእኔ የደረሰኝ ዝርዝር አልነበረም። ሦስት እጥፉ 3,600 ነው። አልዋሻችሁም፣ ቁጥሩን ሳየው ልቤ ዘለለ። ከዚያ ያ ፍራሽ ትዝ አለኝና አፈርኩ። የጠየቅሁት 1,200ውን ከነወጪው ነው።

መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ክስ ከማስገባታችሁ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ዳኛ ፊትም «ጠይቄያለሁ» ማለት ትችላላችሁ። መልስ ሳጣ ቅጹን ያዝኩ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይም ተደናቀፍኩ። የተከሳሽ ሙሉ ስም? ዓመት ሙሉ «እትዬ» ስል ኖሬ ሕጋዊ ስማቸውን አላውቅም! ደግነቱ የሜሪላንድ የንብረት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ስላለ አድራሻ ብቻ አስገብቶ የቤቱን ባለቤት ስም ማየት ይቻላል። ዲፖዚቱን ስከፍል ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። ያዳነኝ በዜል ስልክላቸው ማስታወሻው ላይ «ዲፖዚት» ብዬ መጻፌ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ባልጽፍ ኖሮ «የኪራይ ነው» ቢሉ ምን እመልሳለሁ?

ክሱን ለተከሳሹ ራሳችሁ ማድረስ አትችሉም፤ በአደራ ደብዳቤ ወይም በሌላ ሰው በኩል ነው የሚደርሰው። ሲደርሳቸው መጀመሪያ የደወለችልኝ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ናት። ወሬው ውቅያኖስ አቋርጦ ቀድሞኛል። «ያጎረሰችህን እጅ ነከስክ? ሀበሻ ሀበሻን ፈረንጅ ፊት ያቆማል?» አለችኝ። ብድሩን አልነገርኳትም። በየወሩ የምልክላት በዚያ ወር ለምን እንዳነሰም አልነገርኳት። «እሺ እማዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ክሱን ግን አላነሳሁም።

የቀጠሮው ቀን ሮክቪል ፍርድ ቤት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ሰላምታ ልስጥ አልስጥ ጨነቀኝ። ተነስቼ ሰላም አልኳቸው፤ አገጫቸውን ነቀነቁ። ፍርድ ቤቱ በነጻ የአማርኛ አስተርጓሚ መድቦላቸው ነበር። ተራችን ሳይደርስ አንዲት ሴትዮ መጥተው ከችሎት በፊት መሸማገል እንፈልግ እንደሆነ ጠየቁን። የፍርድ ቤቱ አገልግሎት ነው፣ አይከፈልበትም። ሸምጋይዋ አትፈርድም፤ ካልተስማማችሁ ተመልሳችሁ ዳኛው ፊት ትቆማላችሁ።

ክፍሉ ውስጥ የተባባልነው በምስጢር የሚያዝ ስለሆነ አልጽፈውም። ወደ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ስንወጣ 950 ዶላር በሁለት ጊዜ ሊከፍሉኝ፣ እኔም ሲጠናቀቅ ክሱን ልዘጋ ፈርመን ነበር።

250ውን ለምን ተውክ ትሉኝ ይሆናል። ብረታ፣ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ተቀብሎ አያስረክበኝም። ፍርድ ይሰጣል እንጂ ማስፈጸሙ የባለመብቱ ሥራ ነው፤ ደመወዝ ወይም የባንክ ሒሳብ ለማሳገድ እንደገና ማመልከት አለብኝ። እሳቸውም በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ቢሉ ክርክሩ ሌላ ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይጀመራል። በፈቃዳቸው የሚከፍሉት 950፣ በግድ ከማስከፍለው 1,200 ሊሻል ይችላል። ግድግዳውም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መደርደሪያ የሰቀልኩበት አራት ቀዳዳ ነበረበት።

የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ጋሼ ሊያደርጉት የሞከሩትም ሽምግልና ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? እዚያኛው ሽምግልና እምቢ ቢሉ ምንም አይመጣባቸውም ነበር፤ እዚህኛው ግን ከበሩ ውጭ ዳኛ ተቀምጧል። እምቢ ማለት ዋጋ ከሌለው፣ ሽምግልናው ለደካማው ወገን ልመና ይሆንበታል።

አገር ቤትም ለትንሽ ገንዘብ ቅርብ ዳኛ መኖር አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1995ቱ የአዲስ አበባ ቻርተር የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ብር ያለ ክርክር እንዲያይ ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። ቁጥሩ ከሜሪላንድ ጋር አንድ መሆኑ ገርሞኛል፤ ብርና ዶላር መሆኑ ሌላ ጉዳይ ሆኖ። ሌላም ልብ የማንለው ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። አሥር ምስክር ብታቆሙ፣ ተበዳሪው ከካደ ወረቀቱን ነው የምትጠየቁት። ዛሬ 500 ብር የማያበድር ማን አለ? የሚያስፈርመውስ? ታናሽ ወንድሜ ለጓደኛው 20,000 ብር ሊያበድር መሆኑን ሲነግረኝ «አስፈርመው» አልኩት። «እንዴ፣ ወንድሜ እኮ ነው፣ ይቀየመኛል» አለኝ። አሁን ቢቀየም ይሻላል። ዛሬ የአንድ ቀን ኩርፊያ ነው፤ ያኔ ጓደኝነቱም ብሩም ይሄዳል።

የመጨረሻው ክፍያ የገባልኝ ባለፈው ወር ነው። በዜል ልከው ማስታወሻው ላይ «ዲፖዚት፣ ተጠናቀቀ» ብለው ጽፈዋል። እሳቸውም ተምረዋል። ብድሬን ከፈልኩ፣ ለእናቴም ላክሁላት። ማታ ደግሞ ከእትዬ መልእክት መጣ፦ «ደረሰህ? እናትህን ሰላም በልልኝ።»

«ደርሶኛል፣ እሺ እላታለሁ» ብዬ መለስኩ። እሑድ ቡና ይጠሩኝ እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም።