ቀለህ መልሶ መሙላት፦ ቁጠባ ነው ወይስ ጣጣ?

በሰሜን ሸዋ ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ጥይት ሲወደድና ሲጠፋ ታዲያ ዒላማ መተኮስ የሚወድ ሰው «ቀለሁን ራሴ ብሞላውስ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የአባወራው ብቻ አይደለም። ሥራው የሚሠራው ልጆች በሚያድጉበት ቤት ውስጥ ስለሆነ የእናትም የአያትም ጥያቄ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን ባሩድ በአገር ቤት ይቀመም ነበር። በኋላም የውጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር፤ የተተኮሰ ቀለህም ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር። ጠመንጃ ለለመደውም ሰው እንደማይመለስ ግን እዚያው አንኮበር አጠገብ ምስክር አለ። ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ የኖረው ኢጣሊያዊው ተመራማሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ዕድሜውን ሙሉ ወፍና አውሬ ሲያድን የኖረ ሰው ነበር። ሸዋ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአደን ጠመንጃው ባርቆበት ቀኝ እጁ ተጎዳ። በ1882 እ.ኤ.አ. አርፎ እዚያው ተቀበረ።

በአሜሪካ ቀለህ መሙላት በዒላማ ተኳሾች ዘንድ የተለመደ ነው። ወጪ ይቀንሳሉ፣ ጥይቱንም ለጠመንጃቸው እንዲስማማ አድርገው ያዘጋጃሉ። እነሱ ግን ፋብሪካው ዓይነቱን የጻፈበት ባሩድ፣ የታተመ የመጠን ሠንጠረዥና የግራም ክፋይ የሚለይ ሚዛን አላቸው። እኛ ዘንድ በእጅ የሚገኘው ባሩድ ከየት እንደ መጣ እንኳ አይታወቅም። የጥንቱ ጢሳም ባሩድና የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ በኃይል አይገናኙም፤ አንዱን በሌላው መጠን የሰፈረ ሰው ቦምብ ሠራ ማለት ነው። የክላሽ ጥይት ሲተኮስ በቀለሁ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ግፊት ከ1000 እጥፍ በላይ ነው። ያ ግፊት ከልክ ሲያልፍ የሚፈነዳው ተኳሹ ጉንጩን ባስደገፈበት በኩል ነው።

ሌላም አለ። በአገራችን የሚገኘው የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ብረት እንጂ ናስ አይደለም። ከቀለሁ ቂጥ ያለችው፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትሰጠው ካፕሱልም ተነቅላ በቀላሉ እንድትተካ ተብላ አልተሠራችም። መሣሪያው የተሟላላቸው የውጭ አገር ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለውን ቀለህ ይጥሉታል።

እኔን እንደ ጤና ባለሙያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ድምፅ የሌለው ጉዳት ነው። አረር ለማፍሰስ እርሳስ በወጥ ድስት፣ በማዕድ ቤት ምድጃ ላይ ይቀልጣል። ትነቱና ብናኙ በዕቃው፣ በልብሱና በወለሉ ላይ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ሕፃናት የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ አብልጠው ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ። አእምሯቸውን ይጎዳል፤ የጠፋውንም መድኃኒት አይመልሰውም። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ወደ ጽንሱ ይሻገራል።

ከዚያም ባሩዱና ካፕሱሉ የት ይቀመጣል? ጓዳ ውስጥ ባለ ቆርቆሮ ከሆነ፣ እሳትና ልጅ ሁለቱም ያገኙታል። ልጅ ያገኘውን ቀለህ በድንጋይ መቀጥቀጥ ወይም እሳት ውስጥ መጣል ይወዳል።

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መሥራትን ይከለክላል። «ለራሴ መዝናኛ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ አትሙሉ። ዒላማ የሚወድ ሰው ባገኘው የፋብሪካ ጥይት ልክ ይተኩስ፤ ጥይት ከሌለ ይቅር። የአያት ጠመንጃ ጎርሶ አይቀመጥ፤ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ። የተሞላ ጥይት ወይም ባሩድ በቤታችሁ ካለ ራሳችሁ አትፍቱት፣ አታቃጥሉት፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን ፖሊስ ጠይቁ።

አደጋ ከደረሰም ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አብርዱ፤ ቅቤ፣ ማርና የጥርስ ሳሙና አታድርጉበት። ዓይን ውስጥ ፍንጣሪ ከገባ አትሹት፣ አትንቀሉት። ሳትጫኑ በንጹሕ ስኒ ከልሉትና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። በጥይት ዋጋ የተቆጠበ ብር ለዓይን መግዣ አይሆንም።