ለገላ መታጠቢያ ቤት መጋረጃ ወይስ መስታወት?

በላሊበላ ከተማ ቤት ከሚያሠሩት መካከል፥ መታጠቢያ ቤታቸውን ያለ ገንዳና ያለ ደፍ፥ ውሃው በወለሉ ላይ ወርዶ ወደ ፍሳሹ እንዲሄድ አድርገው የሚያሠሩ አሉ። አሸተን ማርያምን ለመሳለም ተራራውን ወጥቶ የተመለሰ እንግዳ አቧራውንና ላቡን ሊታጠብ ይገባዋልና አሳቡ መልካም ነው። የሚያከራክረው፥ ውሃው እንዳይረጭ በምን ይከለል የሚለው ነው።

ብዙ ሰው መስታወት ከመጋረጃ ይልቅ ንጹሕ ነው ይላል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ላይ የሚጋገረው ዝልግልግ እድፍ በተመረመረ ጊዜ፥ ስፊንጎሞናስና ሜቲሎባክቴሪየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች በብዛት ተገኝተውበታል። እነዚህ ጤነኛውን ሰው እምብዛም አይጎዱም፤ በሕመም ሰውነቱ የደከመውን ግን ሊያሳምሙት ይችላሉ። ነገር ግን የሚራቡት መጋረጃው ተጣጥፎ እርጥብ ሆኖ ሲቀር ነው። መስታወቱም ቢሆን ከሥሩ ባለው ጎማና ሐዲድ ውስጥ ይኸንኑ እድፍ ይይዛል፤ እርሱን ደግሞ አውልቆ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይቻልም።

ክብደቱም ሊታሰብበት ይገባል። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ መስታወት በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ቁመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ቢሆን 40 ኪሎ ነው። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ይህን አይሸከምም። ተራው የመስኮት መስታወትማ ፈጽሞ አይገባም፤ ሕፃን አዳልጦት ቢመታው ስብርባሪው እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። በሙቀት የጠነከረው መስታወት ሲሰበር እንደ ጠጠር ይበታተናል፤ ዳሩ ግን አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፥ አይበሳም። ልኩ ተወስዶ፥ ታዝዞ፥ ያን ሁሉ መንገድ ተጭኖ መጥቶ አንድ ጣት ቢተርፍ ሌላ ከመግዛት በቀር መላ የለውም።

ስለዚህ ለቤተሰብ መጋረጃን እንመርጣለን። ከታጠቡ በኋላ ዘርግቶ መተው፥ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ስለምትጠፋ ሁለት መጋረጃ ይዞ ማፈራረቅ ይሻላል። ወለሉም በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፍሳሹ ማዘንበል አለበት፤ አለዚያ መጋረጃውም መስታወቱም ውሃውን አያግዱትም። ግድግዳው የድንጋይና የሲሚንቶ ለሆነ፥ በየዕለቱም በጎማ የሚወለውል ሠራተኛ ላለው ሆቴል ግን መስታወቱ ይስማማዋል።

ሻጋታ የያዘውን በበረኪና፥ ነጭ የውሃ እድፍ የያዘውን በአቼቶ ማጽዳት ይቻላል። ሁለቱን በአንድነት መቀላቀል ግን ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ይህ በስሕተት ቢደረግ ወዲያውኑ ከክፍሉ ወጥቶ በሩን ከፍቶ መተው ያስፈልጋል።