ሶፍቱ ለእኛ ወይስ ለጉድጓዱ?

በትዳር ትምህርቶች ላይ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ አማትና ምራት ብዙ ይባላል። ስለ መጸዳጃ ቤት ግን ማን ያወራል? ርዕሱን አይታችሁ ፈገግ ያላችሁ፣ «ይህ ደግሞ በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» ያላችሁም ትኖሩ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዘዳግም ምዕራፍ 23ን ገልጣችሁ ብታነቡ፣ እግዚአብሔር ለጦር ሰፈሩ በሰጠው ትእዛዝ መካከል ከሰፈር ውጭ ስለሚሆን ስፍራ፣ ስለ መቆፈሪያና ዓይነ ምድርን ስለ መሸፈን ሲናገር ታገኛላችሁ። በሰፈሩ መካከል የሚመላለሰው እርሱ ራሱ ነውና ሰፈሩ ንጹሕ ይሁን ነው ነገሩ። እርሱ ያላፈረበትን ጉዳይ እኛ ለምን እናፍርበታለን?

ደግሞም ጉዳዩ ቤት ውስጥ ሰላም የሚነሳ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። የቤት ኅብረቱ ተራ የእናንተ ነው፤ ቡናው ቀርቧል፣ ወገኖች መግባት ጀምረዋል። በዚያች ሰዓት የመጸዳጃ ቤቱ ውኃ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ይመጣል። ባል ሚስቱን ያያል፣ ሚስት ባሏን ታያለች። «ይህን ጉድጓድ አስመጥጥ ስልህ አልነበር?» «አንቺስ ያገኘሽውን ሁሉ ባትከችበት?» እንግዳ ባይኖር ኖሮ የሚቀጥለውን መገመት አያስቸግርም። የመምጠጫ መኪናው ወጪ ደግሞ ለወሩ ከታሰበው በጀት ላይ ነው የሚነሳው። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ጊዜ ሁለቱም አያውቁትም።

ከመሬት በታች ያለው ሠራተኛ

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የከተማው የፍሳሽ መስመር ያልደረሳቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ፍሳሻቸው የሚገባው በግቢያቸው ወደተቆፈረ ጉድጓድ ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ደግሞ ዝም ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ አይደለም። በአግባቡ ከተሠራ ውኃ የማያሳልፍ፣ ብዙውን ጊዜ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ገንዳ ነው። ፍሳሹ እዚያ ገብቶ ሲረጋ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ መካከል ያለው ውኃ ወደ ማስረጊያው አልፎ በአፈር ውስጥ ይሰርጋል። ከታች የቀረውን ዝቃጭ፣ አየር በሌለበት የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ይበሉታል። ፈጣሪ ደመወዝ የማይጠይቁ ሠራተኞች አስቀምጦልናል ማለት ነው!

እነዚህ ሠራተኞች ግን ሁሉን አይበሉም። የሚበሉትንም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዝቃጩና የተንሳፈፈው ቅባት አብረው የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዙ መምጠጫ መኪና መጠራት አለበት። ይህ ካለፈ ደረቁ ነገር ወደ ማስረጊያው ተሻግሮ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ታንክ ሲሞላ ይመጠጣል፤ የተደፈነ ማስረጊያ ግን ሌላ ቁፋሮ፣ ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ወጪ ነው። እንግዲህ የሶፍት ምርጫ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

የትኛው ሶፍት?

ሁሉም ለስላሳ ወረቀት አንድ ይመስለናል። አይደለም። የመጸዳጃ ሶፍት የተሠራው ውኃ ሲነካው ቃጫው እንዲለያይ ሆኖ ነው። ናፕኪን፣ የፊት ሶፍትና የኩሽና ወረቀት ግን በተቃራኒው ሲርሱ እንዳይበጣጠሱ ማጠንከሪያ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል። ወጥ የነካው ጣት የምንጠርግበት ናፕኪን በእጃችን ላይ የማይበታተነው ለዚህ ነው። ያው ናፕኪን «ሶፍት አልቋል» ተብሎ መጸዳጃ ቤት ሲገባ፣ ቱቦው ውስጥም በእጃችን ላይ እንደነበረው ጠንክሮ ይቆያል። ከሠርግና ከልደት ግብዣ የተረፈ ናፕኪን መጸዳጃ ቤት የማስቀመጥ ልማድ ያላችሁ እህቶች፣ ቁጠባችሁ ይመሰገናል፤ ቦታው ግን እዚያ አይደለም። የልጆች ደብተር ወረቀትና ጋዜጣም እንደዚሁ ነው።

ከመጸዳጃ ሶፍቶች መካከልስ? ለገላ በጣም የሚመቸው፣ ወፍራሙና ባለ ብዙ ንብርብሩ ለጉድጓዱ የሚመች አይደለም፤ ለመበታተን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ተመልሶ ከተሠራ ወረቀት የሚመረተው ሻካራ ቢሆንም ቃጫው አጭር ስለሆነ በአብዛኛው ቶሎ ይበታተናል። እጅግ ስስ የሆነው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ስለሚቀደድ ሰው በእጁ አራት አምስት ጊዜ ይጠቀልለዋል፤ በመጨረሻ የሚገባው ወረቀት ያው ይሆናል። በእኔ አስተያየት መካከለኛው፣ ቀለምና ሽቶ የሌለበት ነጭ ሶፍት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ሽቶው ለጉድጓዱም የሚጨምረው ነገር የለም፤ ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎችንም ያስቸግራል።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ከማመን ራሳችሁ ፈትኑት። አፉ ሰፊ የሆነ ክዳን ያለው ዕቃ፣ ከጠፋም አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ውሰዱና ግማሹን ውኃ ሙሉት። ሦስት አራት ቅጠል ሶፍት ጨምሩበትና ደህና አድርጋችሁ ናጡት ወይም በእንጨት አማስሉት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ ቀጠነ ገንፎ ሆኖ ከተበታተነ ጥሩ ነው። ቅጠሉ እንደ ጨርቅ ሙሉ ሆኖ ከተንሳፈፈ ግን ሌላ ዓይነት ፈልጉ። ከጎኑ በሌላ ዕቃ ናፕኪን አድርጋችሁ ብታዩት ልዩነቱ ይገባችኋል። ልጆችም ይወዱታል፤ ከስብከት ይልቅ ይህ ያስተምራቸዋል።

ነገር ግን ሶፍቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውኃ ካላገኘ ከቱቦው አያልፍም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። በጆግ ጥቂት ጥቂት ማፍሰስ ወረቀቱን አርሶ እዚያው ያስተኛዋል፤ የሚገፋው ኃይል የለምና። ካፈሰሳችሁ በባልዲ፣ በአንድ ጊዜ አፍስሱት። ለዚያ የሚበቃ ውኃ በሌለበት ቀን ወረቀቱን ወደ ቅርጫት መጣል ይሻላል። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ደግሞ ሌላ ዘዴ ይዘው መጥተዋል፤ ከመቀመጫው አጠገብ በተሰቀለች ትንሽ የውኃ ጎማ መታጠብ። ሶፍት ለማድረቂያ ብቻ ስለሚያስፈልግ ፍጆታው በእጅጉ ይቀንሳል። ውኃ በሚገኝበት ቤት የማይናቅ ሐሳብ ነው።

ባሎች ሆይ፣ ይህችን አንብቡ

በአንዳንድ ቤት መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ቅርጫት የለም። ምክንያቱ ሲጠየቅ «አይን ያስቀይማል» ነው። ታዲያ ሚስታችሁ በወር አበባዋ ጊዜ ሞዴሱን የት ታድርገው? ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጃችሁስ? እጇ ላይ ይዛ በአባቷና በወንድሞቿ መካከል አልፋ ወደ ውጭ ትውጣ? አትወጣም። አፍራ ወደ ውስጥ ትከተዋለች። ሞዴስ ደግሞ ፈሳሽ መጥጦ እንዲያብጥ የተሠራ፣ ፕላስቲክ ያለበት ነገር ነው፤ ቱቦ ውስጥ ያብጣል እንጂ አይበታተንም። ባክቴሪያም አይበላውም። ከዚያ ሠራተኛ ተጠርቶ በሽቦ ጎትቶ ሲያወጣው፣ በግቢው ሁሉ ፊት የምታፍረው ያችው ልጅ ናት።

ክዳን ያለው፣ በእግር የሚከፈት ትንሽ ቅርጫት ግዙ። ውስጡ ፌስታል ይኑርበት፤ በየቀኑ ይታሰር፤ ወደ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሂድ። ቅርጫቱን የምትደፋው የቤት ሠራተኛችሁ ከሆነች ጓንትና ሳሙና ስጧት፤ እርሷም የሰው ልጅ ናት። ከሁሉ የሚሻለው ግን አባወራው ራሱ አንዳንድ ቀን ቢያወጣው ነው። ስለ አገልጋይነት ስንት ዓመት ሰማን?

ዳይፐርና የሕፃናት እርጥብ መጥረጊያም ቦታቸው ቅርጫቱ ነው። እርጥብ መጥረጊያው ሶፍት ይመስላል፤ ብዙው ግን ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ጨርቅ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ዋይትቻፕል በሚባል ሰፈር ከመንገድ በታች 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ያለው የረጋ ክምችት ተገኝቶ ነበር። ምን ሆኖ ነው ቢባል፣ በማጠቢያ የተደፋ የምግብ ዘይት፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ዳይፐርና የመሳሰሉት ተጣብቀው ነው። የለንደንን ቱቦ የዘጋ ነገር የእኛን ቀጭን ቱቦ ምን ያደርገው ይሆን? ስለዚህ የጥብስ ዘይትም ወደ ማጠቢያ አይደፋ።

በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ጉዳዩ የራሳችሁ ብቻ አይደለም። የላይኞቹ ፎቆች የሚጠቀሙበት ቋሚ ቱቦ አንድ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የገባው ጨርቅ ከታች ሲዘጋ ፍሳሹ የሚወጣው ምድር ቤት ባለችው እናት መታጠቢያ ክፍል ነው። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ በደረጃ ወርዶ እዚያ ቤት ድረስ ይሄዳል።

ዘመዶቻችሁ በአሜሪካ ካሉ ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ እንዳልሆነ ይነግሯችኋል። በዚያ አገር ከአምስት ቤት አንዱ ገደማ የሚጠቀመው በግቢው በተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ታንኩ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲመጠጥ ይመክራል። በበጋ ዕረፍታቸው ቤተሰብ ይዘው መኝታና መጸዳጃ ባለው ተሽከርካሪ የሚጓዙ ደግሞ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ቶሎ የሚበታተን ሶፍት ይገዛሉ። የመኪናው ማጠራቀሚያ ትንሽ ነው፤ ውኃው ጥቂት ነው፤ ባክቴሪያው ሥራውን የሚጨርስበት ጊዜም የለውም። እዚያም ቢሆን የጠርሙሱ ፈተና ያው ነው።

ስለሚጨመሩ ነገሮች

«ይህን ጨምሩበት፣ ጉድጓዱ አይሞላም» የሚል ምክር በየሰፈሩ አለ። አንዱ እርሾ ይላል፤ ሌላው ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት። በትክክል የሚሠራ ታንክ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ከሰው ራሱ ይገባለታልና እርሾ አያስፈልገውም። ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ግን ባክቴሪያውን ይገድላሉ፤ ሰርገውም የከርሰ ምድር ውኃ ይበክላሉ። በግቢያችሁ ወይም በጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ካለ ይህ ቀልድ አይደለም። ለነገሩ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከሚጠጣ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ነው የሚመከረው። በረኪናም ለጽዳት በልክ ሲሆን ጉዳት የለውም፤ በየቀኑ በሊትር ሲደፋ ግን እነዚያን ሠራተኞች ይፈጃቸዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ዲያቆናትም ይህን ልብ በሉ። ቤት ውስጥ አምስት ሰው የሚጠቀምበትን ዓይነት መጸዳጃ እሑድ በአንድ የዕረፍት ሰዓት መቶዎች ይጠቀሙበታል። የኮንፈረንስ ሳምንት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እናቶች ሕፃን ይዘው ይመጣሉ፤ ቅርጫት ካላገኙ ዳይፐሩን የት ያድርጉት? በየክፍሉ ክዳን ያለው ቅርጫት፣ በግድግዳው ላይ «ከሶፍት በቀር ምንም አይግባ» የሚል ጽሑፍ፣ ከኮንፈረንሱ በፊት አንድ ጊዜ ማስመጠጥ። ለድምፅ ማጉያ የሚወጣው ገንዘብ ቅንጣት ይበቃዋል።

ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይውረድ!

ከሁሉ በላይ ይህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ጉድጓድ ሲዘጋ መኪና ከመጥራት ይልቅ አንድ ምስኪን የቀን ሠራተኛ በጥቂት ብር አግባብቶ ማውረድ ርካሽ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ይጠፋል፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛም ጋዝም ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ «አሁን አይሸትም» ያለው ሰው ጥቂት ቆይቶ ራሱን ይስታል። ወንድሙን ሊያወጣ ዘሎ የገባው ሁለተኛው ሰውም እንዲሁ ይወድቃል፤ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ከገባና ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ፤ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለም ሻማ፣ ሲጋራ ወይም ክብሪት አጠገቡ አይድረስ፤ ከዚያ የሚወጣው ሌላው ጋዝ ይቀጣጠላል።

ክዳኑ ደግሞ ልጅ ሊያነሣው የማይችል ከባድ ይሁን፤ ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ አስለውጡት። መቼ እንዳስመጠጣችሁ ቀኑን በቤቱ ደብተር ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ መኪና ስትጠሩም ከግቢያችሁ በር እስከ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ቀድማችሁ ለኩና በስልክ ንገሯቸው። ቱቦው ካልደረሰ መኪናው ሳይሠራ ይመለሳል፤ የመጣበትን ሒሳብ ግን መጠየቁ አይቀርም።