ከካሴት እስከ ፍላሽ፦ ሙዚቃ በትንሽ ገንዘብ ስለማሰባሰብ ተረቱና እውነታው

አባቴ ሲያርፍ ከተወው ንብረት ውስጥ ማንም ያልጠየቀው አንድ ካርቶን ነበር። ውስጡ 84 ካሴቶች ነበሩ፤ እኔ ወሰድኳቸው። ሁለት ልጆች የማስተምር የ48 ዓመት ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ክፍያውና የቤት ወጪው ከተሸፈነ በኋላ ለሙዚቃ የሚተርፈኝ ገንዘብ ጥቂት ነው። ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ላስገባ ስነሳ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ መከረኝ። ከተመከርኩት አብዛኛው ስህተት መሆኑን የተረዳሁት ጊዜም ብርም ካባከንኩ በኋላ ነው። ሌላው ወላጅ በዚያው መንገድ እንዳይሄድ የሰማኋቸውን ተረቶች ከነእውነታቸው ላቅርብ።

ተረት 1፦ «ሁሉም ዘፈን ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ማስቀመጥ ምን ያደርጋል?»

እውነታው፦ ብዙ አለ፤ ሁሉም ግን የለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ከታተሙት ሸክላዎች ብዙዎቹ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ በወጣው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ ዓለም ሰምቷቸዋል። በካሴት ዘመን ከወጡት ግን ወደ ሲዲ እንኳ ሳይሻገሩ የቀሩ አሉ። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘውም ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቅጂ አይደለም። አንድ ድምፃዊ በወጣትነቱ ከሙሉ ባንድ ጋር ያስቀረጸውን ዘፈን ከዓመታት በኋላ በኪቦርድ ታጅቦ እንደገና ይዘፍነዋል። ርዕሱ አንድ ይሁን እንጂ ዘፈኑ ሌላ ነው።

ከመተግበሪያ ላይ «አወረድኩት» የምንለውም የራሳችን አይደለም። ለምሳሌ ስፖቲፋይ ላይ የወረደ ዘፈን እንዲቆይ ስልኩ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት፤ ወርሃዊ ክፍያው ሲቆምም ዘፈኑ ይዘጋል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ሌላ ቦታ ለማይገኘው ነው። ታዋቂውን አልበም በሚቀጥለው ዓመትም መግዛት ይቻላል፤ ከሬዲዮ የተቀዳውን ወይም ሠርግ ቤት የተቀረጸውን ግን ማንም አይሸጥላችሁም።

ተረት 2፦ «ካሴት ለመገልበጥ ስቱዲዮ ወይም ውድ ዕቃ ያስፈልጋል»

እውነታው፦ የሚያስፈልገው በደንብ የሚያጫውት ቴፕ፣ ከማዳመጫ ቀዳዳው ወደ ኮምፒውተር የሚዘረጋ ገመድ እና ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የብዙ ላፕቶፖች ቀዳዳ ለማይክሮፎን ስለተሠራ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ለይቶ አይቀዳም። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ በስቴሪዮ መቅዳት የሚችል ትንሽ የድምፅ ካርድ ይህን ይፈታል። እኔ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በአግባቡ የዋለው ለዚህ ዕቃ የከፈልኩት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከጽዳት ነው። የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በንጹሕ አልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት። ጥጡ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ይወጣል፤ ከካሴት ክር የተላጠ የብረት ኦክሳይድ ነው። ቀጥሎ ካሴቱን እስከ ዳር አጠንጥኑና መልሱት፤ ለዓመታት ተጣብቆ የኖረው ክር ይላቀቃል። የ60 ደቂቃ ካሴት ክር 86 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቴፑ ክሩን ከበላው በቢክ እስክሪፕቶ ቀስ እያሉ መጠቅለል ዛሬም ይሠራል።

ስትቀዱ የድምፁ መለኪያ ዜሮ ዴሲቤልን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ጣሪያው ከዜሮ በታች 6 አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ ዜሮን ያለፈ ድምፅ ይቆረጣል፣ በኋላም በደንብ አይቃናም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ካገኛችሁ ምረጡት። ከመብራት መስመር የሚገባው ጉርምርምታ ይቀንሳል፤ መብራት ቢሄድም ቴፑ አይቆምም፣ ላፕቶፑም በራሱ ባትሪ ይቀጥላል።

አቋራጭ የለውም፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በሳምንት ሁለት ካሴት እቀዳ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ካርቶኑ አለቀ።

ተረት 3፦ «320 ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ጥራት አለው»

እውነታው፦ ቁጥሩ የሚናገረው በሴኮንድ ስንት ኪሎቢት እንደተመደበ እንጂ ምንጩ ምን እንደነበር አይደለም። ኤምፒ3 መጠኑን የሚቀንሰው ጆሮ ብዙም አያስተውለውም የተባለውን ድምፅ እየጣለ ነው። አንዴ የተጣለ ድምፅ አይመለስም። በ128 የተቀዳ ዘፈን ወደ 320 ቢቀየር ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ድምፁ አይሻሻልም፤ በረካውን በትልቅ ስኒ ቢቀዱት አቦል አይሆንም።

ስለዚህ ዋናውን ቅጂ ምንም ድምፅ በማይጥለው፣ ፍላክ (FLAC) በተባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፤ ለስልክና ለመኪና ከእሱ ኤምፒ3 አውጡ። ያልታመቀ የሲዲ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ ይህን ወደ ግማሽ ግድም ያወርደዋል። በዚህ ስሌት አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት ቢወስድ፣ የአባቴ 84 ካሴቶች በአንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ውስጥ ገብተው ቦታ ይተርፋል ማለት ነው።

ከሲዲ ደረጃ በላይ በጣም ከፍ ባለ ቁጥር መቅዳትም ለካሴት ትርፍ የለውም። ተራ ካሴት ከ15,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ እምብዛም አይዝም፤ የእኛም ጆሮ ዕድሜ ሲገፋ በመጀመሪያ የሚያጣው ያንኑ ነው።

ተረት 4፦ «ፍላሽ ላይ ከተጫነ በኋላ ሥጋት የለም»

እውነታው፦ ፍላሽና ሚሞሪ ለመመላለሻ እንጂ ለዘለቄታ ማኖሪያ አልተሠሩም። ይጠፋሉ፣ ይበላሻሉ፤ ሐሰተኞችም አሉ። በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራባይት» ፍላሽ ውስጡ ያለው ጥቂት ጊጋባይት ሆኖ፣ ለኮምፒውተሩ ግን የሐሰት መጠን እንዲያሳይ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ከሞላ በኋላ በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ ዘፈኑ ግን አይከፈትም። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ እስከ አፉ ሙሉትና ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ፋይሎችን ከፍታችሁ አዳምጡ።

ከዚያም ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው እኅት ወይም ወንድም ጋ። አንድ ቤት የተቀመጡ ሁለት ቅጂዎችን አንድ ሌባ ወይም አንድ እሳት አብሮ ይወስዳቸዋል።

ተረት 5፦ «ብዙ ዘፈን ያለው ትልቅ ስብስብ አለው»

እውነታው፦ «ትራክ 01» የሚሉ አምስት ሺህ ፋይሎች ስብስብ አይባሉም፤ የሚፈለገው ዘፈን አይገኝባቸውም። ለእያንዳንዱ ዘፈን የድምፃዊውን ስም፣ ርዕሱን፣ አልበሙን፣ ዓመቱንና የታወቀ ከሆነ ያጀበውን ባንድ ጻፉ።

የእኛ ስምና ፊደል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፈረንጅ ልማድ የሚደረድር ፕሮግራም መሐሙድ አሕመድን «አሕመድ» ሥር፣ አስቴር አወቀን «አወቀ» ሥር ሊከት ይችላል፤ በራሳቸው ስም አስተካክሉት። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ጽኑ። ዓመት ስትጽፉም አቆጣጠሩን ጨምሩ። «1975» በእኛ ከሆነ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዓመታት በኋላ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱ ማግሥት ነው። በሁለቱ መካከል የሙዚቃችን ድምፅ ብዙ ተለውጧል።

ተረት 6፦ «ዘፈን መቅዳት ሁሉ ወንጀል ነው» ወይም «ማንም ስለማይጠይቅ ሁሉም ይፈቀዳል»

እውነታው፦ ሁለቱም ልክ አይደሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለገዛ ራሱ መገልገያ የታተመን ሥራ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ቦታ ትቷል። ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥና ማከፋፈል ግን ክልክል ነው። በየሱቁ ፍላሽ ላይ ለሚጫን ዘፈን የምንከፍለው ብር ለድምፃዊው አይደርስም። ጥቂት ገንዘብ ካለን አዲስ ሥራ ከባለቤቱ ወይም ለባለቤቱ ከሚከፍል አገልግሎት እንግዛበት።

ከ84ቱ ካሴቶች በአንዱ ላይ አባቴ በሰማያዊ እስክሪፕቶ የጻፈው ዝርዝር ስድስት ዘፈን ይላል። ስድስተኛው ሲያልቅ ቴፑን ላጠፋ እጄን ዘረጋሁ፤ ግን ተውኩት። ሁለት ደቂቃ ያህል ባዶ ሹክሹክታ ከሄደ በኋላ አባቴ ማይክሮፎን ሲሞክር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ፤ ቀጥሎ እናቴን «ይሰማል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ልጆቼ የአያታቸውን ድምፅ ሲሰሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ማጫወቻው፣ ፍላሹና ማዳመጫው ነገም ገበያ ላይ ይገኛሉ። እነሱን ለመግዛት አትቸኩሉ። ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ካሴት ግን ከመጣላችሁ በፊት ሁለቱንም ገጽ፣ ክሩ እስኪያልቅ ድረስ አዳምጡት።