እንቅልፍ ማጣት ከላንቴ እስከ ላብራቶሪ፦ ለወጣት ተመራማሪዎች የሚጠብቅ ሥራ

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ላንቴን ያውቃታል፤ የሙዝ አገር ናት። ቆላ ናት፣ የአባያ ሐይቅም ቅርቧ ነው። ሌሊቱ ይሞቃል። አጎበር ውስጥ ሲገቡ ሙቀቱ አላስተኛ ይላል፤ አጎበሩን ሲገልጡት ደግሞ ትንኟ አለች፣ ከኋላዋም ወባ። ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ ለመድረስ የሚጣደፍ ሹፌርም ሌሊቱን ሲነዳ ያድራል።

ታዲያ እንቅልፍ ማጣት ድካም ብቻ ነው? ጥናቶች ሌላ ነገር ይነግሩናል።

👉 እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች ቅልጥፍናቸው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል መሆኑን አሳይቷል። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሹፌር ጠብታ ሳይቀምስ ማታ 5 ሰዓት ላይ እዚህ ደረጃ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

👉 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ለ2 ሳምንት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎችን ተከታተለ። ትኩረታቸው ለ1 ወይም ለ2 ሌሊት ጨርሶ ያልተኛ ሰው ያህል ወረደ። የሚያስፈራው ግን ራሳቸው ያን ያህል መዳከማቸው አልታወቃቸውም። ስለዚህ "እኔ ለምጄዋለሁ" የሚባለው ነገር ማረጋገጫ አይሆንም።

አገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ2012 ሰብለወንጌል ለማና ባልደረቦቿ የጎንደርና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጥንተው፣ 55.8 በመቶዎቹ የእንቅልፍ ጥራታቸው ዝቅተኛ ሆኖ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በዓለም ላይ የታወቀው የፒትስበርግ የእንቅልፍ መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን ጎልማሶች እንደሚሠራ በሚዛን አማን ተፈትሾ ታትሟል።

"ላብራቶሪ ከሌለን እንዴት እናጠናለን?" የሚል ወጣት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በታንዛኒያ የሚኖሩትን ሃድዛዎች ጨምሮ በአደንና በለቀማ የሚተዳደሩ ሰዎችን እንቅልፍ የለካው እጅ ላይ በሚታሰር፣ ሰዓት በሚመስል መሣሪያ ነው። እሱም ካልተገኘ ደብተርና ቴርሞሜትር ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ለምሳሌ "የክፍሉ ሙቀት ሲጨምር ስንት ሰው አጎበሩን ይተወዋል?" የሚለው ጥያቄ እንቅልፍንም ወባንም የሚመለከት ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የጤና፣ የሥነ ልቦና ወይም የሚቲዮሮሎጂ ተማሪ ከደጁ ሳይርቅ ሊያነሳው ይችላል።

የአገር ልጅ መሆንም ጥቅም አለው። የላንቴ ገበሬ "3 ሰዓት ተኝቼ 11 ሰዓት ተነሳሁ" ቢል በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተኝቷል። ይህን የማያውቅ የውጭ ተመራማሪ ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ሌሊቱን ቀን ሊያደርገው ይችላል። መጠይቁ በጋሞኛ ሲቀርብም "እንቅልፍ መጣኝ" እና "ደከመኝ" የሚሉትን በትክክል የሚለየው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ለጀማሪዎች የሚሆን ምክር፦

✅ ጥያቄያችሁን አጥብቡ፤ አንድ ቀበሌ፣ አንድ ወቅት ይበቃል።
✅ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ከዩኒቨርሲቲያችሁ የሥነ ምግባር ፈቃድ አውጡ።
✅ የዓለም የእንቅልፍ ማኅበር ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ወጣት ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ለ1 ዓመት የሚሠለጥኑበት ዓለም አቀፍ ፕሮግራም አለው፤ ማስታወቂያውን ተከታተሉ። በትንሹም ቢሆን የራሱን ሥራ ይዞ የሚያመለክት ሰው የሚያሳየው ነገር አለው።

እስከዚያው ግን ሹፌሮቻችን፣ ዓይናችሁ ከከበደ ዳር ይዛችሁ ተኙ፤ ሙዙ ይደርሳል። ቆላ ያላችሁ ቤተሰቦቻችንም ቢሞቅም አጎበሩን አትግለጡት።

እናንተስ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛችሁ?