የቴሌቪዥን መስኮት መስኮት ነውን?

ለአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ማስተማር ስንጀምር አንድ ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ነበረን። «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳላችሁ በፕላዝማ የተማራችሁ እስኪ እጃችሁን አንሡ» እንል ነበር። ፕላዝማው በየክፍሉ ተሰቅሎ በነበረባቸው ዓመታት በአዳራሹ ውስጥ የማይነሣ እጅ ጥቂት ነበር። «ያ ትምህርት ከየት ተነሥቶ፣ በምን መንገድ ክፍላችሁ ደረሰ?» ስንል ግን ጸጥታ ይሰፍናል። አንዱ «ከአዲስ አበባ» ይላል፤ ሌላው «ከሳተላይት» ብሎ ያቆማል። «ከሚታየው ነገር ውስጥ የቱ እንዲታይ፣ የቱ እንዲቀር የመረጠውስ ማን ነው?» ብለን ስንጨምር መልስ የሚሰጥ አናገኝም።

በዚህ ተማሪዎቹን አንወቅስም። አራት ዓመት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጡት ከእርሱ እንዲማሩ ነው እንጂ እርሱን እንዲማሩ አልነበረም። ሆኖም ከአንድ መሣሪያ መማርና መሣሪያውን መማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሬዲዮና ቴሌቪዥን በትምህርት ቤት ውስጥ መምህር ብቻ ሳይሆኑ የትምህርት ርእስም መሆን እንደሚገባቸው ማመልከት ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የ19 አገሮች ተወካዮች በጀርመን አገር ግሩንዋልድ በዩኔስኮ ጥሪ ተሰብስበው የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ የሚጠይቅ መግለጫ አውጥተዋል። እንዲህ ያለው ትምህርት የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ ይህን ዝግጅት ማን ሠራው? ለማን ሠራው? ምን አስገባ? ምንስ አስቀረ? እኛ የፊዚክስ መምህራን በዚህ ላይ የምንጨምረው አንድ ነገር አለ። ማስገባትና ማስቀረት የሚጀምረው በአዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ በመሣሪያው ውስጥ ነው።

ሬዲዮ፦ የሚደርሰንና የማይደርሰን

እስኪ ከሬዲዮ እንነሣ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ስንል ቁጥሩ የጣቢያው ሞገድ በሰከንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይነግረናል። የብርሃንን ፍጥነት ለዚህ ቁጥር ብናካፍል የሞገዱን ርዝመት 3.1 ሜትር ያህል እናገኛለን። ወላጆቻችን በአጭር ሞገድ «31 ሜትር ባንድ» እያሉ የሚፈልጓቸው ጣቢያዎች ደግሞ ሞገዳቸው ከዚህ በአሥር እጥፍ ይረዝማል።

ይህ የርዝመት ልዩነት ማን ለማን እንደሚናገር ይወስናል። የኤፍ ኤም ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ በሜዳማ መሬት ላይ 100 ሜትር ከፍታ ካለው ማማ ተነሥቶ የሚደርሰው እስከ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራራ ካጋጠመውም ከኋላው ያለው መንደር ላይሰማው ይችላል። አጭር ሞገድ ግን አዮኖስፌር ከተባለው የከባቢ አየር ክፍል እየነጠረ አገርና ባሕር ይሻገራል። ስለዚህም ኤፍ ኤም በባሕርዩ የከተማ ድምፅ ሲሆን፣ አጭር ሞገድ የሩቅ አገር ድምፅ ሆኖ ኖሯል። የአንዱን ጣቢያ ይዘት ከሌላው የሚያነጻጽር ተማሪ ይህን ካላወቀ የልዩነቱን ግማሽ ምክንያት ያጣዋል።

የሚደርሰንም ድምፅ ቢሆን ሙሉ አይደለም። የጤነኛ ወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ኤፍ ኤም እስከ 15,000 ድረስ ያስተላልፋል። በመካከለኛ ሞገድ ግን ጣቢያዎች በ9,000 ኸርዝ ልዩነት ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ፣ ለድምፁ የሚተርፈው ከ4,500 ብዙም አይበልጥም። የበዓል ሥርጭትን በመካከለኛ ሞገድ ስናዳምጥ ከበሮው ይደርሰናል፤ ጸናጽሉ ግን ይደበዝዛል። ማንም ሰው ጸናጽሉ እንዳይሰማ አልወሰነም፤ ነገር ግን አልተሰማም።

ቴሌቪዥን፦ በመስኮቱ ላይ የሌለው ቢጫ

በቋንቋችን «የቴሌቪዥን መስኮት» ማለት የተለመደ ነው። መስኮት በውጭ ያለውን ብርሃን ያስገባል። ቴሌቪዥን ግን ከውጭ አንዳች ብርሃን አያስገባም፤ የሚያሳየንን ሁሉ ራሱ ይሠራዋል።

ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በስልካችሁ ላይ የሰንደቅ ዓላማችንን ምስል ክፈቱና በጣታችሁ ጫፍ አንዲት ትንሽ የውኃ ጠብታ በቢጫው ቀለም ላይ አኑሩ። ጠብታዋ እንደ አጉሊ መነጽር ስለምታገለግል ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ይታያሉ። ከእነርሱ መካከል ቢጫ የሆነ አንድም የለም፤ የሚበሩት ቀይና አረንጓዴ ብቻ ናቸው። ቢጫው የሚፈጠረው በዓይናችንና በአእምሯችን ውስጥ ነው። እንቅስቃሴውም እንደዚሁ ነው። በሰከንድ 25 የቆሙ ምስሎች ይፈራረቃሉ፤ ሯጯ ስትሮጥ የምናያት እኛ ነን።

የዲጂታል ሥርጭት ደግሞ ሌላ ምርጫ ይጨምራል። በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥብ ያለው ምስል ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ይዞ በሰከንድ 25 ጊዜ ቢላክ በሰከንድ 1.2 ቢሊዮን ያህል ቢት ይሆናል። ለአንድ ጣቢያ የሚሰጠው ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊዮን ቢት አይበልጥም። ስለዚህ ያልተለወጠው የምስል ክፍል እንደገና አይላክም፤ ዓይን እምብዛም የማያስተውለው ዝርዝርም ይጣላል። ከመቶ እጅ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላው መረጃ ይመጣል፤ የቀረውን መቀበያው ይሞላዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሰው ምርጫ ይታከላል። ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ለሌላው ጀርባውን ይሰጣል። የአንድ ሰዓት ስብሰባ በአንድ ደቂቃ ዜና ሲቀርብ 59 ደቂቃ ተቆርጦ ይወድቃል። ይህ የግድ ማታለል አይደለም፤ ያለ መቁረጥ ዜና የለምና። ነገር ግን የተቆረጠ መሆኑን የሚያውቅና የማያውቅ ተመልካች እኩል አይደሉም።

ያልተመለሰው ጥያቄ

አሁን ወደ ፕላዝማው እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ይህ ሥርጭት በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሳተላይት አማካይነት በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ይታይ ነበር። ጥቅም አልነበረውም ማለት ስሕተት ይሆናል። ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሙከራ ሲሠራ ያየው በእርሱ ነው።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ሞገዱ ወጥቶ ሲመለስ ከ72,000 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ይጓዛል፤ ይህንንም በሩብ ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ «አልገባኝም፤ ይደገምልኝ» ቢል ግን ድምፁ ጥቂት ሜትሮች ተጉዞ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲደርስ ያበቃል። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ማንም ሳይመልስለት «በጣም ጥሩ» ብሎ ይቀጥላል። የክፍሉ መምህር ሊያስቆመው አይችልም።

ብዙ ተማሪዎች ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለውት ነበር። «ቴሌቪዥን ስለሆነ ነዋ!» ይሉናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሳተላይት ስልክ መነጋገር እንደሚቻል ሁሉ ጥያቄን መልሶ መላክም ይቻላል፤ ትምህርቱን ቀድቶ በየመሐሉ እያቆሙ ማሳየትም ይቻላል። አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲኖረው ያደረገው ፊዚክስ ሳይሆን ውሳኔ ነው። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለናል። ሕግ የትኛው፣ ውሳኔ የትኛው እንደሆነ ለይቶ የማያውቅ ሰው መለወጥ የሚቻለውን ነገር የማይለወጥ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ያልገባውም በራሱ ስንፍና ብቻ ይመስለዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንደገና መምህር በሆኑ ጊዜም ጉዳዩ ያረጀ እንዳልሆነ አይተናል።

ከሚኒ ሚዲያው እንጀምር

አዲስ የትምህርት ዓይነት እስኪቀረጽ መጠበቅ አያሻም። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አለ። ጠዋት በሰልፍ ላይ ወይም በዕረፍት ሰዓት ዜናና ግጥም የሚነበብበት ማይክሮፎን፣ አምፕሊፋየርና ድምፅ ማጉያ ለዚህ ትምህርት በቂ መሣሪያዎች ናቸው። ሦስት መልመጃዎችን እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ የአንድን ምሽት ዜና ግማሹ ክፍል በሬዲዮ፣ ግማሹ በቴሌቪዥን ይከታተል። እያንዳንዱ ዜና ስንተኛ እንደቀረበ፣ ስንት ሰከንድ እንደወሰደና የማን ድምፅ እንደተሰማ ይጻፍ፤ በማግሥቱም ይነጻጸር።

ሁለተኛ፣ አንድን የቴሌቪዥን ዝግጅት ለአምስት ደቂቃ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያም ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አዳምጡ። ምስሉ ብቻውን ምን አለ? ድምፁስ?

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። አንድ መምህር ወይም የጥበቃ ሠራተኛ አነጋግራችሁ ሦስት ደቂቃ ቅዱ። ሁለት ቡድኖች ሳይመካከሩ ቅጂውን ወደ 30 ሰከንድ ያሳጥሩት። ሁለቱንም ለተናጋሪው አሰሙትና «የትኛው የእርስዎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቆራጩም፣ ተቆራጩም፣ አድማጩም በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚነሣውን ክርክር የትኛውም መጽሐፍ አይተካውም።

ውድ አንባቢያን፣ መስኮት ነው ብለን የምናየውን ነገር ማን፣ በምን መሣሪያ እንደሠራው ለማወቅ የሚያስፈልገው አንዲት የውኃ ጠብታና ጥቂት ጥያቄ ነው። መልመጃዎቹን ሞክራችሁ ያገኛችሁትን ውጤት፣ በተለይም የሦስተኛውን፣ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን ደስ ይለናል።