«ጤዛ»፦ ፍቅርና አፈሳ በጣና ዳር

ወዳጆቼ፣ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» የተሰኘ ፊልም ያላያችሁ ካላችሁ ዛሬ ላስጎመጃችሁ ነው። እኛ የመካነ ሰላም ልጆች ታሪኩን የሩቅ አገር ወሬ አድርገን ልናየው አንችልም። አካባቢያችንን ቦረናን ከጎጃም እየለየ በበረሃው የሚያልፈው ዓባይ የሚነሣው ከጣና ነው፤ የፊልሙ መንደርም እዚያው ሐይቅ ዳር ናት። በጣና ላይ 30 የሚያልፉ ደሴቶች አሉ። ይህች መንደር ደሴት ባትሆንም ከፊቷ ውኃ፣ ከኋላዋ ጦርነት አለባትና መሸሻ የላትም።

ጊዜው የደርግ ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. 1990 ነው። ጀርመን አገር ሕክምና የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ሌሊት ሌሊት እየቃዠ እናቱ ቤት ይገባል። እናት ልጃቸው በሕይወት ተመልሶላቸዋልና ደስታቸው ወሰን የለውም፤ እሱ ግን ምን እንደደረሰበት እንኳ አጥርቶ ማስታወስ አቅቶታል። ፊልሙም የሚሄደው በእሱ አእምሮ መንገድ ስለሆነ ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ ይዘላል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ግራ የሚገባው ለዚህ ነው። አንድ ብልሃት ልስጣችሁ፤ እግሩን ተመልከቱ። በሁለት እግሩ ከቆመ ያያችሁት ያለፈውን ነው፦ በተማሪዎች ንቅናቄ አገር እናድናለን ብለው የሚከራከሩበትን ዘመን፣ ቀጥሎም አብዮቱ ልጆቹን መብላት የጀመረበትን አዲስ አበባ።

ለእኔ ግን የፊልሙ ልብ መንደሩ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለውን ለመረዳት ደግሞ አፈሳን ማወቅ ያስፈልጋል። ደርግ የብሔራዊ ውትድርና አዋጁን ያወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። በወረቀት ላይ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉት ስድስት ወር ሠልጥነው ሁለት ዓመት ያገለግላሉ ይላል። ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ግን ልጅ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከማሳ ይታፈስ ጀመር። ዕድሜውን ማን ይጠይቃል? ጢም ያላበቀለውም ይወሰድ ነበር። በፊልሙ የመንግሥት ወታደርም አማፂውም የሚፈልገው የዚያችኑ መንደር ልጆች ነው። ልጆቹ ዋሻ ይገባሉ፣ እናቶች ያለቅሳሉ፣ የተማረው አንበርብር ደግሞ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ለአንድ ልጅ እንኳ መሸሸጊያ አልሆነም! ኃይሌ የገዛ ትውልዱን እንዲህ ፊት ለፊት ሲጠይቅ ማየት ያስደንቀኛል።

ፍቅሩስ? አዛኑ የምትባል ሴት አለች። ልጇን ገድላለች ተብላ መንደሩ አግልሏታል፤ ያስጠጓት የአንበርብር እናት ናቸው። አዛኑና አንበርብር የሚቀራረቡት በጣፋጭ ቃል አይደለም፤ ሰው የሸሻት ሴትና ከራሱ የሸሸ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ዝም ተባብለው ሲኖሩ ቀስ በቀስ ይተዋወቃሉ። መንደሩ ያጉረመርማል፤ የወላጅ ክብር፣ የሃይማኖት ሕግ፣ የጎረቤት ዓይን ሁሉም ይመጣባቸዋል። በእኛ አማርኛ ፊልሞች ፍቅር ብዙ ጊዜ በሰርግና በዘፈን ይሸኛል። እዚህ ግን ፍቅር ማለት የተጣለን ሰው ማንሣት ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ፣ አሜሪካ ተምሮ፣ እዚያው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። ይህን ፊልም ለመጨረስ ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል አንደኛ ወጣ። እንዲህ የተከበረ ሥራ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ አለመታየቱ ያንገበግበኛል።

ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ስለዚህ ቀን መርጣችሁ፣ አባትና እናታችሁን አስቀምጣችሁ እዩት። ሲያልቅ ቶሎ አትነሡ። በአፈሳው ዘመን ማን የት እንደተሸሸገ፣ ማን ሄዶ እንደቀረ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት።